ለልጅቷ የላክኸው ሞተር

ይድረስ ለወንድሜ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ያላንተም ደህና ነን።

ለልጅህ የላክኸው ባለአራት ጎማ ሞተር ደረሰ። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ እንደሆነ ረሳኸው? ስትቀመጥበት እግሯ ማረፊያው ላይ አይደርስም፤ ጣቷም ፍሬኑን አይጨብጥም። የሰፈራችን መካኒክ አይቶ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ የአዋቂ ነው» አለኝ። ፍጥነቱ በተገደበ ትንሽ ሞተር ቀየርኩት። ካልተስማማህ መጥተህ ተቆጣኝ! ጥለሃት ከሄድክ ጀምሮ ንፍጧን እየጠረግኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በዕቃ ልትደልላት ያምርሃል?

ትንሹንም ወደደችው። ሄልሜቷን አጥልቃ መካኒኩን የጠየቀችው ግን ስለ ፍጥነቱ አልነበረም።

«በዚህ አባዬ ጋ ይደረሳል?» አለችው።

እሱ ሳቀ። እኔ ቁልፉን ተቀበልኳት። ስተኛም አንገቴ ላይ አስሬው ነው።

ጤና ይስጥህ። ሌላ ዕቃ እንዳትልክብን።

ልጅህን የምታሳድገው እህትህ