ከፍራሽሽ ሥር ስላለው ውሃ

ቤሩት ላለሽው ሸጋ ልጄ ለየትነበርሽ፦ የእናትሽ አምላክ ከሰው አገር ክፉ ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ላሟም ወልዳለች።

በምትተኚበት ክፍል ያለው ያ በጎማ የሚገፋው የአየር ማቀዝቀዣ ውሃ እያፈሰሰ ፍራሽሽን እንደሚያርሰው፣ አንቺም ሳፋ ደቅነሽ ዝም እንዳልሽ እህትሽ አበቡ ነገረችኝ። የመብራት ሠራተኛውን ወንዴን ጠየቅሁት። «አያ ቢያዝን፣ የውሃ መውረጃ ቱቦው ሽቅብ ታጥፎ ይሆናል። መጀመሪያ ከሶኬት ትንቀለው፤ ከዚያ ቱቦውን ቁልቁል ታቅናው። ውሃና መብራት ከተገናኙ ይገድላሉ» አለኝ።

እኔም አንድ ክረምት የሣር ጣሪያችን ሲያፈስ ደቦ ለመጥራት አፍሬ ገበቴ ስደቅን ከረምሁ። እናትሽን የወሰዳት ሳል የጀመራት በዚያ ክረምት ነው። ይህን ለማንም ብዬው አላውቅም።

ዝምታውን ከእኔ አትውረሺ፣ ልጄ። ለአሠሪሽ ለማዳምሽ ዛሬውኑ ንገሪያት። ከዚያ ደውለሽ፣ ደረቅ ቦታ መተኛትሽን በራስሽ አንደበት አሰሚኝ። አምላክ በደረቅ ያሳድርሽ።

አባትሽ ቢያዝን