ቆሽታቸውን ማን አስቆጣው?

ጥር 4፣ ቅዳሜ

«ይሄስ ቆሽቴን አሳረረው።»

አማቴ ናቸው፣ ከማድ ቤት። ከዚያ መሳቢያ በኃይል ተዘጋ።

እኛ ምሳ ላይ ነን። እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ... እሳቸው ቤት፣ ሬዲዮው ጎረቤት እስኪሰማው ተለቆ። አንድ ቀልድ ጨርሼ ነበር፤ የጥርስ ሐኪሙንና የፖስተኛውን። ማንም አልሳቀም። አማቴ ሰው የግድግዳ ማስታወቂያ እንደሚያነብ አፌን ትኩር ብለው አዩና «እንግዲህ ይሁን» ብለው ተነሡ።

ዳኛው ሹካውን አስቀመጠ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ዳኛው የምንለው ድሮ የሰፈር ኳስ ያጫውት ስለነበር ነው፤ ፊሽካው ዛሬም ከቁልፎቹ ጋር ተንጠልጥሏል።

«ሰማህ?» አለኝ።

«ሰማሁ፣ ጋሼ።»

«ስለ ማን ይመስልሃል?»

ስለ ማን ሊሆን ነው? ከተጋባን ጀምሮ እኚህን ሴትዮ አንዲት ጊዜ ማሳቅ እፈልጋለሁ። ለምን? እንጃ። ቀኑን ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ፊደል ሳርም ውዬ... አንድ ሰው ቢስቅልኝ ምን አለበት?

ጥር 5፣ እሑድ

አማቴ ሆስፒታል ገቡ። ሆዳቸውን ቆርጦ ይዟቸው፣ ሲያስመልሳቸው አድሮ። ሐኪሙ ለጋ ነው፣ ጋዋኑ ሰፍቶታል። «ሕመሙ ወደ ጀርባዎ ይሄዳል?» ቢላቸው «ልጆቹ ሁሉም ደህና ናቸው፤ ትንሿን ብቻ ጉንፋን ይዟታል» አሉት። ሕመሙ ነው የሚያስቀባጥራት ተባለ።

የደም ምርመራው ደረሰ።

«የእናታችሁ ቆሽት ክፉኛ ተቆጥቷል» አለ ሐኪሙ።

«ማን አስቆጣው?» አለ ዳኛው።

ቤተሰቡ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ። ሐኪሙም አየኝ... ሰው ሁሉ ስላየኝ።

ጥር 6

የሥራዬ ነገር ሆኖ ስለ ቃሉ ሳስብ ዋልኩ። «ተቆጣ» ባይል ምን ይል ነበር? መጽሐፍ ላይ «ብግነት» ነው የሚሉት። «በገነ» ሊባል ነው፤ ያው። «አረረ» ቢልስ? የባሰ። በእኛ ቋንቋ ቆሽት ያለ ጥፋተኛ አይታመምም።

ዳኛው ኮሪደር ላይ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ካርድ አልያዘም፤ ግን ገባኝ።

«ክፍሏ አትገባም። ስታይህ ትናደዳለች፣ ስትናደድ ቆሽቷ ይቆጣል። ቀይ ነው።»

ባለቤቴን ጠየቅኋት። «አንቺም ታምኛለሽ?»

«ኧረ አላምንም» አለች። «ግን ራቅ ብትል ምን ትጎዳለህ?»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ነው።

ጥር 7

ዛሬ በመድኃኒት ተጣሉ።

«ለቆሽቷ የምትሰጧት መድኃኒት ምንድን ነው?» አለ ዳኛው።

«ለቆሽቱ ለራሱ መድኃኒት የለውም» አለ ሐኪሙ። «ፈሳሽ በደም ሥር እንሰጣለን፣ ሕመሙን እናስታግሳለን። ከዚያ በቅርብ እየተከታተሉ መጠበቅ ነው።»

«ያ የተሰቀለው ፈሳሽ ምንድን ነው?»

«ጨው ያለው ውሃ።»

ዳኛው ዞሮ ቤተሰቡን ሰበሰበ። «ጨው ያለው ውሃ» አላቸው፣ ሞት እንደሚያረዳ ሰው። ትንሿ አክስት፣ የአማቴ ታናሽ፣ ፊት ወጡ።

«አንቲባዮቲክ ጻፍላት፣ ልጄ።»

«ኢንፌክሽን የለም፣ እማማ።»

«ለጥንቃቄ።»

«ለጥንቃቄ ብለን አንሰጥም። አይጠቅማትም።»

ከዚያ አስረዳን፤ እኔን በሩቁ። ቆሽት ምግብ የሚያብላላ ፈሳሽ ያመነጫል። ያ ፈሳሽ አንጀት ሳይደርስ እዚያው ሥራ ሲጀምር ቆሽቱ ራሱን ይበላል። ይሄ መነሻው ነው። የሰውነት ዘበኞች ይሰሙና ሊያድኑ ይሮጣሉ። አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ ያም ሌላውን... በሩን ይሰብራሉ፣ ዕቃውን ይገለብጣሉ፣ በነገሩ የሌለችበትን ሳንባ፣ ምንም የማያውቀውን ኩላሊት ይደበድባሉ። ሲከፋ ሰውን የሚገድለው ይሄ ነው።

«ታዲያ አደብ የሚያስገዛቸው መድኃኒት የለም?» አልኩ ከደረጃው።

«እየተሞከሩ ነው። እስካሁን ይሄ ነው የሚባል የለም።»

ይሄን ሲል አንድ የአክስት ልጅ በስህተት የጎረቤት ታማሚ ጠያቂን እኔ መስሎት ገፍትሮ ከኮሪደሩ አስወጣ።

ጥር 9

ሳንባቸው ውሃ ያዘ ተባለ። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ማንም ጮክ ብሎ አያወራም፤ ዳኛው እንኳ። ባለቤቴ ደረጃው ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሳያነጋግሩኝ ቢሞቱስ?

ጥር 13

ሳንባቸው ቀለል አለ። ሐኪሙ ግን ደስ አላለውም። «ዘበኞቹ ደክመዋል» አለ። «ያን ሁሉ ሲሯሯጡ ከረሙ፣ አሁን አቅም የላቸውም። እንዲህ ሲሆን ነው ማንም የሚገባው።»

እውነቱን ነው። ዳኛው በሩ ላይ ወንበር ላይ ተኝቷል፣ ፊሽካው ደረቱ ላይ። አክስት ቤታቸው ሄደዋል። ሌላው ሥራ ገብቷል።

ገባሁ።

እንዴት አነሱ... እጃቸውን ያዝኩ። «አይዞዎት» አልኩ። አፌን አዩ። ቀልድ አላወራሁም። «እንግዲህ ይሁን» አሉኝ።

ጥር 14

ትኩሳት። ብርድ ብርድ አላቸው። በሲቲ ስካን ታየ፤ ቆሽቱ ዙሪያ የተጠራቀመው ፈሳሽ ተመርዟል። ጀርሙ ከገዛ አንጀታቸው ሳይሻገር አይቀርም አለ ሐኪሙ።

ዳኛው አላመነም። «ትናንት ማን ገባ?»

አሁን አንቲባዮቲክ ተጀመረ። አክስት «ያኔ ብያችሁ ነበር» አሉ። ሐኪሙ «ያኔ አያስፈልግም ነበር፣ አሁን ያስፈልጋል» ቢላቸው ነገሩ የእልህ መሰላቸው።

ማምሻውን ዳኛው ደረጃው ድረስ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነኝ።

«መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም» አለ። «ይቅርታ ጠይቃት። እኔም እናቴ ናት...»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ጥር 15

አልጋው ግራና ቀኝ ተሰለፍን። ዳኛው መሐል ቆመ። ሊያፏጭ ይሆን ብዬ ነበር፤ አላፏጨም። አማቴ በድካም እኔን እኔን ያያሉ።

በምን ልጀምር? በጥርስ ሐኪሙ ጀመርኩ። ከዚያ የሠርጋችን ዕለት ስለ ባርኔጣቸው ያልኩትን። የበቀቀኑን ቀልድ። ስለ አማቶች የማወራትን ረጅሟን... እያንዳንዷን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቀልዶቼን እንዲህ ተደርድረው ሰምቼ አላውቅም። እውነትም አያስቁም።

መጨረሻ ላይ እጃቸውን ያዝኩ። «ላስቅዎት ብዬ ነው እንጂ ላናድድዎት ብዬ አይደለም» አልኩ። ባለቤቴ አለቀሰች። አክስትም።

«ሰማሽው፣ እማዬ? ይቅር በይው» አለ ዳኛው።

«እንግዲህ ይሁን» አሉ አማቴ።

ጥር 18

ትኩሳቱ ወረደ። ሾርባ ቀመሱ።

«አንቲባዮቲኩ እየሠራ ነው» አለ ሐኪሙ።

«እሱማ ረድቷል» አለ ዳኛው፣ እንደ መጽናኛ። ከዚያ እኔን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሰው ስንት መጽሐፍ አንብቦ... ግን ልክድ? ከሐኪሙ ይልቅ ዳኛውን ማመን አማረኝ። አመንኩ።

ጥር 24

መነሻው ታወቀ። በአልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠር ታየ፤ ብዙ ናቸው። አንዷ ተንሸራታ ወርዳ የቆሽቱን መውጫ ዘጋችው። አማቴ ሲጠነክሩ የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

«ሐሞቷ ጠጠር ሆነ?» አሉ አክስት።

«የእናቴ ሐሞት ድሮም ጠጠር ነው» አለ ዳኛው፣ ደረቱን ነፍቶ። «ማንንም ፈርታ አታውቅም።»

በሐሞታቸው ማንም አልተከሰሰም። እኔንም ማንም ነፃ ነህ አላለኝ።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ምሳ አማቴ ቤት። ገባሁ፣ ሰላም አልኩ፣ ተቀመጥኩ። ስለ አየሩ አወራሁ። ሬዲዮው እየጮኸ ነው። ዳኛው ዳቦውን ቆርሶ መጀመሪያ ለእኔ ሰጠኝ። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችኝ። ሰው ሆንኩ ማለት ነው። የጥርስ ሐኪሙ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር... ዋጥኩት።

ከምሳ በኋላ አማቴ በጣታቸው ጠሩኝ፤ ማድ ቤት። በዚህ ሁሉ ዓመት ብቻችንን ቆመን አናውቅም። መሳቢያውን ከፈቱ። ማንኪያ፣ ክር፣ የቡሽ መክፈቻ። ከሥሩ ባቄላ የምታህል፣ ለመስማት የምትረዳ የጆሮ ማዳመጫ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«ይሄስ ቆሽቴን አሳረረው» አሉ። «ተበላሸ ብዬ ትቼው ነበር። ያቺ የሆስፒታሉ ነርስ ናት፣ ባትሪው ነው ያለቀው ያለችኝ። ለልጆቼ አትንገር፣ አረጀች ይሉኛል።» ጉንጬን ነካ አደረጉኝ። «አንተ መቼም ወሬኛ ነህ። ባትሪውን ይዘህ ና፣ እስኪ ምን እንደምትል ልስማ።»

ደረሰኙ መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ ማዳመጫው የተገዛው ከሠርጋችን በፊት ነው። ባትሪው ተቀይሮ አያውቅም።