ከግቢ በር ወጥታ የማታውቀው ቀይ መኪና

እኔ ኬርሳስፕ ባትሊዋላ፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ በቦምቤይ ከተማ በዳዳር ሰፈር እሳትን በምናከብረው በእኛ በፓርሲዎች ግቢ ነዋሪ፣ ዛሬ በፈረንጆች ሐምሌ 11 ቀን 1998 ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ጤነኛነቴን ዶክተር ሆሺዳር ይመስክሩ። ጠበቃ ፔስቶንጂ የሚባለውን ሁሉ ይጻፉ፤ እህቴ ጉልባኑ ጣልቃ ከገባች የእርሷም ይጻፍ፤ መግባቷ አይቀርምና።

አካሌ እንደ አባቶቼ ወግ ለአሞራ ይሰጥ። አሞሮቹ ከከተማው ጠፍተዋል ይባላል፤ እኔ ወጌን ጠብቄአለሁ፤ የቀረው የእነርሱ ጉዳይ ነው። በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ዳንሳክ የሚባለውን የሥጋና የምስር ወጣችንን ሲበላ ምስሩ በደንብ ይድቀቅ። በእናታችን ለቅሶ የቀረበውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

ቤቴ ጧሪ ለሌላቸው የግቢው አረጋውያን ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጣሊያናዊቷን ቀይ ባለ ሁለት በር መኪናዬን በ1965 ገዛሁ። ኮኮናት ሰብረን፣ አበባ አንጠልጥለን ተቀበልናት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አስነሥቻታለሁ፣ ወልውያታለሁ፣ ሦስት ሽፋን ደርቤ አልብሻታለሁ። የተጓዘችው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ እርሱም ከወደብ ወደ ቤት የመጣችበት።

እህቴ በዓመቱ ነጭ ጃፓናዊት መኪና ገዛች። ጣሊያናዊቷን የሠራት ሰው ፍቅር ይዞታል፤ ስለዚህ ሞተሯ ይዘፍናል፣ ሽቦዋ ግን በየት በኩል እንደሚሄድ እርሱም አያውቅም። ጃፓናዊቷን የሠራት ሰው አለቃውን ይፈራል፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር በቦታው ነው፤ ሲያዩአት እንቅልፍ ይወስዳል። በ1972 «ያንቺዋ የልብስ ስፌት መኪና ናት» አልኳት። «ያንተዋ ሬሳ ናት፤ ታጥባ ተገንዛ የተቀመጠች» አለችኝ። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት በዘበኛው በኩል ነው የምንነጋገረው።

ስለዚህ ጣሊያናዊቷን ለእህቴ አወርሳለሁ። ዝናብ አይንካት፤ ከግቢ አትውጣ። ከሁሉ በፊት ግን እህቴ በምስክሮች ፊት «ትበልጣለች» ትበል።

ጉልባኑ፦ «አንተ ልጅ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ሽፋን እንዳጥብ ነው የምታወርሰኝ? አልፈልግም።»

ተናዛዥ፦ «እትዬ፣ ታዲያ ለማን ልስጣት? ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

(ወይዘሮ ጉልባኑ በመስኮት ወደ ተሸፈነችው መኪና ተመለከቱ።)

ጉልባኑ፦ «እስቲ ንገረኝ፣ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ድምጿ እንዴት ነው?»

ተናዛዥ፦ «እኔ እንጃ። ሁለተኛን አልፌ አላውቅም።»

ጉልባኑ፦ «ሳትሰማው ልትሞት?»

ተናዛዥ፦ «ፔስቶንጂ፣ ይህን አይጻፉ።»

ጉልባኑ፦ «ይጻፉ። አንተም ተነሥና ቁልፉን አምጣ።»

ተናዛዥ፦ «ዝናብ ነው እኮ፣ እትዬ።»

ጉልባኑ፦ «አያለሁ። አምጣ።»

የምስክሮች ቃል፦ ተናዛዡ ሳይፈርሙ ከእህታቸው ጋር በመኪናቸው ወጥተዋል። ሞተሩ ግቢው በር ላይ ስለጠፋ እኛ ምስክሮቹ ገፍተን አስነሥተናል፤ ይህ ወረቀት የረጠበውና ጭቃ የነካው ስለዚህ ነው። ዝናብንና በርን የሚመለከቱት ሁለት ቃሎች በራሳቸው በተናዛዡ ፈርሰዋል። ሦስተኛውን በተመለከተ፣ መኪናዋ ዋናው መንገድ ላይ ደርሳ ማርሽ ስትቀይር «ትበልጣለች!» የሚል የአሮጊት ድምፅ በመስኮት መስማታችንን በመሐላ እናረጋግጣለን።

ምስክሮች፦ ዶክተር ሆሺዳር (ፈርመዋል)፣ ጠበቃ ፔስቶንጂ (ፈርመዋል)

ተናዛዥ፦ ሲመለሱ ይፈርማሉ።