አርባ አንድ ቁጥር ጫማ

ለወንድሜ ለአሞጽ፦ ባለህበት ሰላምህ ይብዛ፤ እኛ ሆሳዕና ደኅና ነን።

ይህን ደቡብ አፍሪካ ላለው ለአጎታችን ልጅ ልኬዋለሁ፤ ስትደርስ ይሰጥሃል። ጥቅምት ላይ ከሞያሌ ከደወልክ ወዲህ እማዬ ስልኳን ቸርች ውስጥም አታጠፋም።

የቀድሞ ተማሪዎች ቦርዳችን ዘንድሮም ለዩኒቨርሲቲው ሯጮች ጫማ ገዛ፤ የተማሪዎቹን መዝናኛ ክበብም አሳደሰ። የግንቦቱ ሩጫ ዋንጫ፣ እንደምታውቀው፣ የሚሰየመው ባረፉ ሯጮች ስም ነው። ሰብሳቢያችን አቶ ኤርሲዶ ዘንድሮ «በአሞጽ ስም ይሁን» አሉ፤ ሌሎቹም አንገታቸውን ደፉ። ፀሐፊዋ እኔ ነኝና ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም። ስምህን የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ አስገባሁት፤ ጫማም አርባ አንድ ቁጥር ወስጄልሃለሁ። ከጠበበህ ደውልና ንገረኝ።

ሰላምታህን የምትጠብቀው
እህትህ አዜብ