የአባባ መስሚያ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ለአባባ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ልንመርጥ ክሊኒክ ሄድን። እኔ የፈለግሁት ጆሮ ውስጥ ገብቶ የማይታየውን ነበር፤ "መሪጌታው ደነቆሩ" እንዳይባሉ ብዬ። እሳቸው ግን የትንሿን ባትሪ ላስገባ ሲሉ ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ ደጋግመው ጣሏት። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለውን ትልቁን አነሡና "ይኼ ሸጋ ነው" አሉ።

"ይታያል እኮ አባባ!" ብዬ ጮኽሁ፣ እንደ ልማዴ።

"ይታይ! ተማሪዎቼ ዜማ ሲስቱ ልስማ እንጂ።"

የክሊኒኩ ባለሙያ ጆሯቸው ላይ አድርጋ ከፈተችላቸው።

"አሁንስ ይሰማል አባባ?" አልኋቸው፣ አሁንም በጩኸት። ብርግግ አሉ።

"ምነው ትጮኺያለሽ ልጄ? እየሰማሁሽ እኮ ነው።"

ለዓመታት ስጮኽባቸው ኖሬ፣ ከአባባ ጋር ዝግ ብሎ ማውራቱ ጠፍቶኛል። ቤት ገብተን አጠገባቸው ተቀመጥሁና በሹክሹክታ "አባባ" አልኋቸው።

"ወዬ" አሉኝ።

የምነግራቸው ነገር አልነበረኝም። ደግሜ ጠራኋቸው።