የቀዩ ባልዲ ዕረፍትና የዩሪያው ቀብር

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ሞክሌስ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ከባድ መርዶ አረዳሃለሁ፦ ቀዩ ባልዲያችን ትናንት ማለዳ በእርጅና ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ቤተሰቡ ተጽናንቷል። አንተስ እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ? የሙስካት ፀሐይ ራራችልህ? እኛ ከእናታችን ሳል በቀር፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ደህና ያልሆነው ሩዙ ነው። አጎታችን ጀብሩል የማዳበሪያ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ከሆኑ ወዲህ ዩሪያ የሚበተንበትን ቀን ጽፈው መስጊዱ በር ላይ ለጠፉ። ቀኑ ባሕሩ ከሁሉ ጊዜ ይበልጥ በሚሞላበት በሙሉ ጨረቃ ላይ ዋለ። ጎረቤታችን እትዬ ሚኖቲ፣ «ኧረ ዛሬ ውሃው ደረት ድረስ ነው የሚሞላው!» ብትላቸው፣ «ውሃውም ማስታወቂያውን ያንብብ!» አሏት። እንደ ሠርግ አበባ በተኑት። ማታ ባሕሩ ገባ፤ ጠራርጎ ወጣ። ሩዛችን የወፍ በሽታ እንደያዘው ሰው ቢጫ ሆነ። የቦዩ እምቦጭ ግን ዩሪያውን በልቶ እንደ ድግስ በሬ ሰባ፤ ሥሩ በስብሶ ሽታው እህል አያስውጥም። ይበልጥ ያቅለሸለሸኝ ግን ሌላ ነው። አጎታችን እንግዳ ሲመጣ ያንን እምቦጭ ከሩቅ እያሳዩ፣ «ልምላሜውን አያችሁ?» ይላሉ፤ ኮሚቴው ያጨበጭባል። ትፍ!

የቀረን ዩሪያ ግማሽ ጆንያ ነው። እሱም ከሄደ እስከ ከርሞ ሩዝ የምንበላው በሕልማችን ነው። እትዬ ሚኖቲ፣ «ዩሪያውን በጭቃ አድቦልቡላችሁ፣ የባሕሩ ሙላት ሲቀንስ በየአራቱ ቡቃያ መካከል እስከ እጅ አንጓ ቅበሩት፤ የተቀበረ አይሰረቅም» ትላለች። አጎታችን «ሬሳ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁና ሊበትኑት ተነሡ። ባልዲው ያረፈው ያኔ ነው። በውሰት ባልዲ መበተን ለሊቀ መንበር ነውር ስለሆነ፣ አዲስ ሊገዙ ገበያ ወረዱ። ሲመለሱ ጀልባቸው በዚያው ራሳቸው ባደለቡት እምቦጭ ተቀርቅራ እስካሁን አልገቡም። መሬቱ ያንተ ነውና ዩሪያውን ለመቅበር ፈቃድህን በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

እናታችን ጉንጭህን ትስማለች። ልጅህ ሺሪን «አባዬ ጫማዬ ጠበበኝ» ብላለች። እትዬ ሚኖቲም ሰላም ብላሃለች። አብረውህ ለሚያድሩት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

እህትህ ሩመና
ቾር ኖልቡኒያ፣ ባሪሳል፤ ባድሮ ወር 27 ቀን

እርማት፦ ከላይ ባልዲው «በእርጅና» ሞተ የተባለው በስህተት ነው፤ እጀታውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። «እጠብቃለሁ» የሚለውም «ጠብቄ ነበር» ተብሎ ይነበብ። የዩሪያው ቀብር ዛሬ ረፋድ ላይ፣ እኔና እትዬ ሚኖቲ በተገኘንበት፣ በክብር ተፈጽሟል።