ያንተ የነበረው የጸሎቱ ግማሽ

ማቴ፣

ከሄድክ ስምንት ወር ሆነ። ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ትምህርት ቤት ሄጄ አስተምሬ እመለሳለሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር አይሰማኝም። ሰው ሁሉ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይለኛል። ምን እንደሚወጣልኝ አላውቅም። ባልቅስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልመጣም።

ቤቱ እንዳለ ነው። የማድቤቱ ጣሪያ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከርሞ አሁን ቆርቆሮው ተቀየረ። ልጃችን ሰላም አዳማ ሥራ ስላገኘች ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የምትመጣው። ኮምባይነርህን ሌላ ሰው እየነዳው ነው። ሰሞኑን ወደ ኢተያ ስሄድ ከመንገድ ዳር ስንዴ ሲያጭድ አየሁት። መቁጠሪያህን ትሰቅልበት የነበረው መስታወት ላይ ምንም የለም። አላመመኝም። ልንገርህ ብዬ ነው።

የማርያም ሥዕልህ ሳሎን እንደተሰቀለ ነው። በእሱ ስንት ዓመት ተከራከርን። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለጸሎት ሲመጡ ሥዕሉን እንዳያዩ ወንበሮቹን የምታዞረው አንተው ነበርክ። "እነሱም አይጨነቁ፣ እሷም አትታዘባቸው" ትል ነበር። እኔ ጴንጤ፣ አንተ ካቶሊክ ሆነን ስንጋባ አባቴ "ይኼ ነገር ማለቂያ የለውም" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ አላለቀም። እኔ በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ያለው ኢየሱስ ብቻ ነው እላለሁ። አንተ "ባለፈው ስታመሚ እህቶችሽን ጸልዩልኝ አላልሻቸውም? እኔም ያንኑ ነው የምላት፤ መቼ አመለክኳት?" ትላለህ። እኔ "እህቶቼ በሕይወት አሉ" እላለሁ። አንተ ደግሞ "እሷስ የለችም ያለሽ ማነው?" ትላለህ። እዚህ ላይ ስንደርስ አንዳችን ወጡ ቀዘቀዘ እንላለን።

እሁድ እሁድ ግን በአንድ ባጃጅ ነበር የምንወጣው። እኔን ቤተ ክርስቲያኔ በር ላይ አውርደህ አንተ ወደ ቅዳሴህ ትቀጥላለህ። አሁን በእግሬ ነው የምሄደው።

ጉበትህ ታሞ ከሆስፒታል ወደ ቤት የመለሱህን ሰሞን ታስታውሰዋለህ። ትንፋሽህ እያጠረ ሄዶ የማርያምን ሰላምታ ጸሎት ጀምረህ መጨረስ አቃተህ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠራኸኝና "መጀመሪያውን አንቺ በይልኝ" አልከኝ። "እኛም ጋ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይመልሳል። የምትመሪው መልአኩ ያላትን ነው፤ ሉቃስ ላይ አለ፣ አንቺም ታምኚበታለሽ።" ተቀምጬ አሰብኩት። መልአኩ ያላት አለ፣ ኤልሳቤጥ ያለቻት አለ። ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውጪ የሆነ ነገር አላገኘሁበትም። ስለዚህ ያንን እኔ እልልህ ጀመር። ስለ እኛ ለምኝልን የሚለው ጋ ስንደርስ ዝም እላለሁ፣ አንተ ትቀጥላለህ። በትዳራችን ሙሉ ያልተስማማንበትን ነገር አልጋህ ላይ ለሁለት ተካፈልነው።

የመጨረሻው ቀን እህትህ ሉቺያ ከእግርህ በኩል ተቀምጣ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ደሳለኝም ሊጠይቁህ መጥተው በሩ አጠገብ ነበሩ። የኔን ድርሻ ጨረስኩ። ያንተ ተራ ሲደርስ ከንፈርህ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለውም። ደግመህ ሞከርክ። ከዚያ አየኸኝ። አልለመንከኝም፤ ዝም ብለህ ነው ያየኸኝ። እኔም የቀረውን ጮክ ብዬ ጨረስኩልህ። ዓይንህን ከደንክ። ከዚያ በኋላ አልገለጥከውም።

አምኜበት ነው ወይ? አይደለም፣ ማቴ። አንተም ታውቀዋለህ። ያንተን ቃል ባንተ ፋንታ ተናገርኩልህ። ብትጠማ ውኃ አላቀርብልህም ነበር?

ድንኳኑ ውስጥ በአንድ በኩል የሉቺያ ጓደኞች መቁጠሪያ ይዘው፣ በሌላ በኩል የእኛ መዘምራን። የዕድሩ ሰብሳቢ በየተራ አደረጋቸው። ብታየው ትስቅ ነበር። እኔ መሀል ላይ ተቀምጬ የማንኛቸውንም ቃል አልሰማሁም።

ጋሽ ደሳለኝ ትንሽ ቆይተው ቤት መጡ። አልተቆጡም። "አስቴር ልጄ፣ የምታስተምሪያቸው የሰንበት ትምህርት ልጆች ነገሩን ሰምተዋል። ነገ ወደ ማርያም ይጸለያል ወይ ብለው ሲጠይቁሽ ምን ትያቸዋለሽ?" አሉኝ። "እርስዎ እኮ እዚያው ነበሩ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አይተዋል" አልኳቸው። "አይቻለሁ" አሉ። ጎንበስ ብለው ባርኔጣቸውን ሲያዞሩ ቆዩ። ከዚያ ለጊዜው ልጆቹን ከማስተማር እንዳርፍ ሽማግሌዎቹ መስማማታቸውን ነገሩኝ። እሺ አልኩ። ደጅ ድረስ ሸኘኋቸው። ያ ክፍል ነፍሴ ነበር፤ ግን ሲወስዱብኝ እንኳን ምንም አልተሰማኝም።

ሉቺያ ደግሞ ደስታዋን አልቻለችውም። ወንድሜ በሞቱ ሰዓት ሚስቱን ለእመቤታችን አስረከበ እያለች ለሰው ሁሉ ነገረች። አርባህ ካለፈ በኋላ መቁጠሪያ ይዛ መጥታ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችና "እንኳን ወደ ቤትሽ መጣሽ" አለችኝ። "እትዬ ሉቺያ፣ እኔ የትም አልመጣሁም" ብዬ መለስኩላት። አለቀሰች። ከዚያ እግሯን አጠፋች። አንዱ ወገን አጣንሽ ይለኛል፣ ሌላው አገኘንሽ ይለኛል። እኔ ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም።

ጎረቤታችን አዴ ሞሚና ብቻ ናት ነገሩን ሳላስረዳት የገባት። ወደ ባሌ አገር ለዚያራ፣ የአንድ ታላቅ ሼህ መቃብር ልትጎበኝ፣ ጓዟን ስትጠቅል ልጇ "ከሞተ ሰው ምን ትፈልጊያለሽ፣ ይኼ ክልክል ነው" ብሎ እንደተጣላት አጫወተችኝ። "እናንተም ቤት አለ እንዴ?" አልኳት። "አኒ ሂንቤኩ" አለች፤ እኔ አላውቅም ማለቷ ነው። "እሱ ተምሯል፣ ልክ ይሆናል። እኔ ግን እናቴ ይዛኝ የሄደችበት ቦታ ነው።" ሄደች፤ ልጇም አኩርፎም ቢሆን መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት።

ጥቅምት ላይ ሉቺያ ተመልሳ መጣች። ሳትቀመጥ፣ በስምህ ቅዳሴ እንደምታስቀድስ ነገረችኝ። "ነይ አልልሽም፤ እንዳትሰሚ ብዬ ግን መደበቅ አልቻልኩም" አለች። እኛ ለሞተ ሰው እንደማንጸልይ ታውቃለች። እመጣለሁ አልኳት። ለምን እንዳልኩ ዛሬም አልገባኝም። ምናልባት ስምህ ጮክ ተብሎ ሲጠራ መስማት ፈልጌ ይሆናል። እኔ ቤት ውስጥ ለማን ብዬ እጠራዋለሁ?

ከቅዳሴው በፊት ሴቶቹ መቁጠሪያ ይደግሙ ነበር። አንዷ ትመራለች፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ። ከሉቺያ አጠገብ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። የመምራቱ ተራ ለእሷ ሲደርስ ዝም አለች። የረሳች መሰለኝ። ሴቶቹ ዞር ዞር ማለት ጀመሩ። ሉቺያ ወደ እኔ ሳትዞር ጉልበቴን ነካችኝ። ለካ ያኔ ከእግርህ በኩል ተቀምጣ ሁሉንም አይታለች፤ የቱ የኔ፣ የቱ ያንተ እንደነበር ታውቃለች።

የኔን አልኩ፤ መልአኩ ያላትን፣ ኤልሳቤጥ ያለቻትን። ከዚያ ዝም አልኩ። የቀረውን ሉቺያና ሴቶቹ ሁሉ መለሱት። ደግሜ አልኩ፤ ደግመው መለሱ። ተራዋ እስኪያልቅ እንዲህ ቀጠልን። ማንም የሌላውን ድርሻ አልተናገረም። ስንወጣ ሉቺያ "ብርድ ነው፣ ጋቢውን ደርቢ" ብቻ አለችኝ።

ቤቷ ወስዳ ምሳ አቀረበችልኝ። ሁለተኛውን ጉርሻ ስውጥ ወጡ ጨው እንደሌለው ታወቀኝ። ነገርኳት። እሷም ቀምሳ "እውነትሽን ነው" አለችና ጨው አመጣች። ማቴ፣ አንተ ከሞትክ ጀምሮ የምበላው ነገር ጨው ይኑረው አይኑረው አንድም ቀን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ፣ ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት፣ ለጋሽ ደሳለኝ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጨለመ። ከዚያ "ያልሽው ሉቃስ ላይ ያለውን ብቻ ነው?" አሉኝ። "አዎ። ሌላውን ያልኩት ያኔ ለእሱ ብቻ ነው፤ የእሱ ስለነበር" አልኳቸው። "እኔ አልወደድኩትም" አሉ። "ግን ሰው አልዋሸሽም። ሽማግሌዎቹን አነጋግራለሁ።" ካለፈው እሁድ ጀምሮ ልጆቹን እያስተማርኩ ነው። አንዷ "ባልሽ የት ሄደ?" አለችኝ። "ጌታ ጋ" አልኳት። በዚህ እንኳን አንተና እኔ ተከራክረን አናውቅም።

ማቴ፣ እንድትጸልይልኝ አልጠይቅህም፤ ይህን ከእኔ አትጠብቅ። ሥዕልህን አቧራውን እጠርጋለሁ፣ አልሳለመውም። በዓመትህ ሉቺያ ስታስቀድስ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ስምህንም ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ መጥራት ጀምሬያለሁ፤ ሰላም ስትመጣ ያንተን ነገር ሳላነሳላት አላድርም። አልረሳህም።

ይህን ሁሉ ስነግርህ ትስማኝ አትስማኝ አላውቅም። አንተ ልክ ከነበርክ ሰምተኸኛል። እኔ ልክ ከሆንኩ ደግሞ ስንገናኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግርሃለሁ።

አስቴር
አሰላ